የወደቁ አዛውንቶች ሠንጠረዥ

ጥቅምት 11

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ከሥራው ብዛት በስተቀር ደህና ነኝ። መልሱን ስላዘገየሁት ይቅርታ አድርግልኝ። በስልክ ባወራን ቁጥር ተጣልተን ስለምንዘጋ ደብዳቤ ይሻላል ያልነው እኔና አንተ ነን፤ አሁን ደግሞ የእኔ ዝምታ ራሱ ጠብ ሊሆን ነው።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ የእንቅልፍ ኪኒኑን አንድ ተኩል ብታደርግላት ግድ የለም። ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳች በር የምትነካካ ከሆነ፣ አንተም ቀን ብረት እየበየድክ የምታንቀላፋ ከሆነ፣ ለሁለታችሁም የሚበጀው እሱ ነው። የገረመኝ ቶሎ ማለቁ ነው። ለማንኛውም ሁለት ጠርሙስ ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ፣ ከእጁ ተቀበለው።

ሥራሽ እንዴት ነው ያልከኝ ለማሾፍ እንደሆነ አውቃለሁ። አውቄም እመልስልሃለሁ፣ ሌላ የማወራው ሰው የለኝማ። የአምስት ዓመቱን የአስከሬን ምርመራ ውጤት ሰብስቤ፣ ሰው በምን በምን እንደሚሞት ሠንጠረዥ እያወጣሁ ነው። ቢሮዬ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የማየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ነው። ከበሩ ማዶ የምርመራ ጠረጴዛዎቹ አሉ፣ ቀጥሎ ማቀዝቀዣው።

ጋሼ፣ ሰው የሚፈራውና ሰውን የሚገድለው ለየቅል ነው። ሁሉም በሩን የሚቆልፈው ሌባ ፈርቶ ነው፤ እኛ ጋ ግን በማያውቀው ሰው እጅ ሞቶ የሚመጣው ጥቂት ነው። ወጣቶቹን መኪና ይጨርሳቸዋል። ሴቶቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድላቸው የቤቱ ቁልፍ ያለው ሰው ነው። ራሱን ያጠፋ ሲመጣ ደግሞ ቤተሰቡ «እባክሽ ሌላ ነገር ጻፊለት» እያለ እግሬ ላይ ይወድቃል። አዛውንቶቹ ይወድቃሉ። በቃ፣ ከአልጋ ተነስተው መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ ይወድቃሉ። የእነሱ ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።

እስቲ ከእማዬ አልጋ እስከ መጸዳጃው ያለውን መንገድ እይልኝ። ምንጣፍ ካለ አንሳው።

እህትህ

ጥቅምት 27

ሚጡዬ፣ የሙታን ሐኪም፣

ደብዳቤሽም ኪኒኑም ደርሰውናል። ምንጣፉን አንስቻለሁ። ግድግዳውን ተከትሎ እስከ መጸዳጃው ድረስ መያዣ ብረት በይጄላታለሁ፤ የሀብታም ቤት ደረጃ ነው ያስመሰልኩት። እሷ ግን «የእስር ቤት አደረግከው» ብላ አትነካውም።

መውደቋን ማን ነገረሽ? መቼም ሬዲዮ መሆን አለባት። ጎረቤታችን ይህ ስም የወጣላት በከንቱ አይደለም፤ ሥርጭቷ ግን እዚያ ድረስ ይደርሳል አላልኩም። አዎ፣ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ያልጻፍኩልሽ ከሩቅ ሆነሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። «ምን ሆነሽ ነው እማዬ?» ስላት «መሬቱ መጣብኝ» ትለኛለች። ጥፋቱ የመሬቱ ነው እንግዲህ።

በይ ሐኪም አይደለሽ፣ ክንዷ ላይ በልዞ አልለቅ ያለ ነገር አለ። ምን ቅባት ልግዛላት?

እንቅልፏ ግን ተመስገን ነው። እሷ ስትተኛ እኔም ተኛሁ፤ ስንት ጊዜዬ መሰለሽ። ለመጣ ሰው ሁሉ ጠርሙሱን ከትራሷ ስር እያወጣች «ልጄ ናት የላከችልኝ» ትላለች። እዚሁ ቁጭ ብሎ የሚያበላትና የሚያጥባት ልጅ የሰው ልጅ ነው መሰለኝ። ቅናት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ቅናት ነው።

ጋሼ

ኅዳር 8

ጋሼ፣

ስለ ቅባቱ ከመመለሴ በፊት እኔ ልጠይቅህ፣ አንተም በትክክል መልስልኝ። የበለዘው የክንዷ ውጪ ነው ወይስ ውስጡ፣ ወደ ብብቷ በኩል? አንድ ትልቅ ነው ወይስ ክብ ክብ ትናንሽ? በሁለቱም ክንድ ላይ ነው?

የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሲወድቅ መሬት የሚነካው ክርኑ፣ ጉልበቱ፣ ዳሌው፣ ግንባሩ ነው። የክንዱ ውስጥ መሬት አይነካም። እዚያ ቦታ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የሚበልዝ የጣት ምልክት ነው። «ወድቃ ነው» ተብለው ከመጡልን እናቶች መካከል እንዲህ ያለ ምልክት የነበረባቸውን ለብቻቸው አውጥቼ አይቻቸዋለሁ። አብሯቸው የነበረው ማን እንደሆነ ልንገርህ? እንግዳ አይደለም፣ ሠራተኛም አይደለም። ብቻውን የሚያስታምም፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ወንድ ልጅ ነው።

ደክሞህ ከሆነ ንገረኝ። ሰው ነህ፣ አልፈርድብህም። ኪኒኑ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅም ልትነግረኝ ይገባል። ከታዘዘላት በላይ እየተሰጣት ካልሆነ በቀር ሂሳቡ አይመጣልኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ መጠርጠር ነው።

እህትህ

ኅዳር 19

ለዶክተር፣

ውስጡ ነው። ክብ ክብ ነው። በሁለቱም ክንድ ላይ ነው። ጣቱም የእኔ ነው። ደስ አለሽ?

የወደቀ ሰው ከመሬት እንዴት እንደሚነሳ ታውቂያለሽ? አንቺ ዘንድ የሚመጡት ስለማይነሱ አታውቂም። እጄን በብብቷ ስር አስገብቼ «በይ እማዬ፣ አንድ፣ ሁለት» ብዬ ነው የማነሳት። ቆዳዋ ሳስቶ የሲጋራ ወረቀት ሆኗል፣ በነካኋት ቁጥር ይጠቁራል። ካልነካኋት ደግሞ መሬት ላይ ትቀራለች። የትኛውን ልምረጥ?

ስለ ኪኒኑ የማውቀው የለኝም። ማታ ማታ ኪኒኑን ከእጇ ተቀብዬ፣ በቢላ ቆርጬ አንድ ተኩሉን እሰጣታለሁ። ጠርሙሱን ግን አታስነካኝም፤ ካንቺ የመጣ ስለሆነ ከትራሷ ስር አይወጣም።

ለእናቴ አዝናለሁ የምትይ ከሆነ ነይና አንሺያት። አንድ ሳምንት ብቻ። ሠንጠረዡ አይሞትብሽም።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 14

ወንድሜ፣

ነፍሷን ይማር። ለሁለታችንም መጽናናቱን ይስጠን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከእኔ መስማት እንደማትፈልገው ስለገባኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ፖሊስ መጥራትሽን ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም ብለህ በሹፌሩ በኩል ልከህብኛል። ሬዲዮ ደውላ «እናትሽ ሌሊት ወድቃ፣ ሞታ አደረች» ስትለኝ፣ ላንተ ከመደወሌ በፊት ለፖሊስ ደወልኩ። ሳትመረመር እንዳትቀበር ያልኩት እኔ ነኝ። ብነግርህ ፈጥነህ ትቀብራታለህ ብዬ ፈራሁ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን «ሳነሳት ነው» ያላለኝ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ የለም። የገደለውም ይህንኑ ይላል፣ ያልገደለውም ይህንኑ ይላል።

የመረመራት የሥራ ባልደረባዬ ነው። እኔ ከበሩ ውጪ ቆሜ ነበር። በየቀኑ የምገባበት ክፍል ነው፤ ያን ቀን እግሬ እምቢ አለኝ። ጠረጴዛውን የሚያጥቡበትን ውሃ ድምፅ ስሰማ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለቀብሩ ያልመጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ ዓይንህን ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ደሟ ላብራቶሪ ስለሄደ ውጤቱ ይዘገያል። ከእስር መፈታትህን ሰምቻለሁ።

እህትህ

ታኅሣሥ 24

ለዶክተር፣

እንዴት ነው የያዙህ ብለሽ በሹፌሩ በኩል ላስጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው። ሰው ለለቅሶ መምጣት ጀምሮ ነበር። እኔ ከጎረቤት ወንበር እየተሸከምኩ በማስገባት ላይ ነበርኩ። ሁለት ፖሊሶች ገቡና አንደኛው «እናትህን ምን አድርገሃት ነው?» አለኝ፤ እዚያው፣ በሰው መሃል። ወንበሩን እንኳ አስቀምጥ ያለኝ የለም። ሬዲዮ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ልንገርሽ?

ሲያስሩኝ ሰፈሩ በሙሉ አይቷል። ማስረጃ አጥተው ሲፈቱኝ ያየ የለም። እማዬ ካንቺ ዘንድ ተሰፍታ ስትመጣ ቀብሩ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እኔ አጠገብ ግን ቦታው ሰፊ ነበር። አፈሩን ሳለብሳት አንዲት ሴት «በዚያው እጁ» ስትል ሰማሁ። ግማሽ ያደረስኩለትን የግቢ በር «ተወው፣ ሌላ ጋ አስጨርሰዋለሁ» ብሎ የወሰደ ደንበኛ አለ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ እጄን ብቻ እያየ ነበር የሚያወራኝ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእኔ ከእናቴ ጋር ተቀብሯል።

ሴትዮ፣ ውጤቱ ምን አለ?

ጥር 6

ወንድሜ፣

ውጤቱ ትናንት ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ፣ አሁን ሳላሳምር ልጽፈው ነው።

እማዬን ማንም አልመታትም። ወደ ኋላ ወድቃ ከማጅራቷ በላይ ያለው አጥንት መሬት መትቶ፣ ውስጡ ደም ፈስሷል። ክንዷ ላይ ያለው መበለዝ አሮጌና አዲስ የተደራረበ ነው። ባልደረባዬ የጻፈው ቃል «ከመሬት ደጋግሞ በማንሳት» የሚል ነው። አንተ የነገርከኝ ቃል ነው።

ደሟ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒቱ ተገኝቷል፣ ብዙ። ከታዘዘላት በላይ ስለተሰጣት አይደለም። ኩላሊቷ ደክሞ ስለነበር የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው እየተጨመረ ነው የተጠራቀመው። ሕያው ሰው የሚያክም ማንኛውም ሐኪም መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት ኩላሊትን ይመረምራል። እኔ ሕያው በሽተኛ ከነካሁ ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ተኩል ያልኩትም እኔ ነኝ። መሬቱ የመጣባት ከእኔ ጠርሙስ ነው።

ደግሞ ይህን ስማ። የወደቀ አዛውንት ደም እኛ መሥሪያ ቤት አይመረመርም። ወጣት ከሆነ ይመረመራል፣ አዛውንት ከሆነ «ወደቀ» ተብሎ ይዘጋል። የእማዬን ደም አስመርምሩልኝ ያልኩት አንተን ለመያዝ ነው፤ ኪኒን አብዝተህ ሰጥተሃት ከሆነ እንዲታወቅ። ለማነጻጸሪያ ብዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀሩትን የሌሎቹን ናሙናዎች አብሬ ልኬ ነበር። ከየሦስቱ አንዱ እንደ እናታችን ነው። ቁጥራቸው ለምን እንደሚጨምር የነገረኝ የለም ብዬህ ነበር። የጠየቀ ስላልነበረ ነው።

ይቅር በለኝ ማለት ይከብደኛል፣ ቃሉ ያንሳል። ግን ይቅር በለኝ።

እህትህ

ጥር 17

ሚጡ፣

አነበብኩት። መልስ ለመጻፍ የዘገየሁት ምን እንደሚሰማኝ ስላላወቅኩ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? ነጻ ነኝ። ደስታው ግን አልመጣም።

እውነቱን ከተነጋገርን የእኔም እጅ አለበት። ኪኒኑ ይጨመርላት ብዬ የለመንኩሽ እኔ ነኝ። ቀን ቀን ስትደነዝዝ፣ ማንኪያውን አፏ ጋ ሳታደርስ ስታሸልብ አይቻለሁ። ዝም ያልኩት እኔም መተኛት ስለፈለግኩ ነው። ይህን የነገርኩሽ እንዲቀልሽ ብዬ አይደለም።

አሁን ሌላ ነገር አለ፣ ይቅርታውን ተይውና እሱን ስሚ። ኪኒኑ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ አውቄያለሁ። እማዬ ታድለው ነበር። ለሬዲዮ፣ ከላይ ለምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ ለጡረተኛዋ መምህርት፤ እንቅልፍ አጣሁ ላለቻት ሁሉ በወረቀት ጠቅልላ ስትሰጥ ነበር። የዶክተሯ እናት ናታ። ሬዲዮማ ሁለተኛውን ጠርሙስ እንዳለ ነው የወሰደችው።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ቤቷ ሄድኩ። «እትዬ፣ ያንን ኪኒን መልሺልኝ፣ እማዬን የጣላት እሱ ነው» አልኳት። በሩን በግማሽ ከፍታ አየችኝ።

«አንተ ነህ ወይስ ኪኒኑ?» አለችኝ።

«ሐኪም ነው ያለው፣ እህቴ ናት የጻፈችልኝ።»

«እህትህማ ለእናቷ የላከችው ነው። የምትወዳት ልጇ ናት። አንተ አሁን ጥፋቱን በልጅቷ ላይ ልታላክክ ነው? ደፋር! በል ሂድልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ቤት ስሄድ ከእኔ በፊት ወሬው ደርሷል። መምህርቷ «እስቲ አስብበታለሁ» አለችኝ፤ አልከፈተችልኝም እንኳ፣ በመስኮት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንቺ በስልክ ያልሽውን እኔ በእግሬ እየዞርኩ ላነሳው አልቻልኩም።

ነይ። ከእኔ አይቀበሉም፣ ካንቺ ይቀበላሉ።

ወንድምሽ

ጥር 28

ወንድሜ፣

በሰላም እንደምትገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። መቼ ትመጫለሽ ላልከኝ፣ በዚህ ሳምንት እንደማልችል ስጽፍልህ አፍሬ ነው። የሠንጠረዡ ጉዳይ ትልቅ ሆኗል። የመድኃኒቱን ነገር ከጨመርኩበት በኋላ አለቃዬ ደስ ብሎት በትልቅ ስብሰባ ላይ እንዳቀርበው ወስኗል። ቀኑ ቅርብ ነው። አየህ፣ ይህ ነገር ከታወቀ የስንት ሰው እናት ይተርፋል።

እስከዚያው ሁለት ነገር አድርጌያለሁ። አንደኛ፣ አንተ በእናታችን ሞት ምንም ጥፋት እንደሌለብህ የሚገልጽ በማኅተም የተረጋገጠ ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ፤ ለፈለገ ሰው አሳየው። ሁለተኛ፣ የጤና ጣቢያው ሰው ቤት ለቤት ሄዶ ኪኒኑን እንዲሰበስብ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልስ አልሰጡኝም፣ ግን ይሰጡኛል።

ፈርታ ነው የቀረችው እንደምትል አውቃለሁ። አዎ፣ እፈራለሁ። እማዬ «ልጄ ናት የላከችልኝ» እያለች ያሳየቻቸው ሰዎች ፊት ቆሜ ምን እላለሁ?

ስብሰባው ሲያልቅ እመጣለሁ።

እህትህ

የካቲት 12

ሚጡ፣

ስብሰባው እንዴት ነበር? አጨበጨቡልሽ?

ሬዲዮ ወድቃለች። አርብ ጠዋት፣ ከቤቷ ደጃፍ ላይ። ጩኸቷን ሰምቼ የደረስኩት እኔ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ሄዶ ነበር። ላነሳት ጎንበስ ስል «አትንካኝ!» ብላ ጮኸች። ዳሌዋ ተሰብሯል። ሌላ ሰው እስኪመጣ ድረስ እሷ መሬት ላይ፣ እኔ ቆሜ ጠበቅን። በዕድሜዬ እንደዚያ ረጅም ነገር አላየሁም። የሰው ልጅ እግሬ ስር ወድቆ እያለቀሰ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩልሽ።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኳት። ከሩቅ ነው የቆምኩት፣ ከእግርጌዋ በኩል። ወረቀትሽንም ይዤ ነበር። ልጇ አነበበላት። ሬዲዮ «ማኅተም ማንም ያስቀርጻል፣ እሱ ደግሞ ብረት ሠራተኛ ነው» አለች። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «ደግነቱ የእህትህ መድኃኒት አለ። እሱ ባይኖር ይብስብኝ ነበር። እያለቀብኝ ነው፣ እንድትልክልኝ ጻፍላት።» እንግዲህ ይኸው ጻፍኩልሽ። አድራሻሽንም ጠይቃኛለች፣ ልታመሰግንሽ።

ልብስ ሰፊዋና መምህርቷ ዛሬም ማታ ይውጡታል። የጤና ጣቢያው ሰው አልመጣም። የሐኪም ያለህ እያልኩ መንደር ለመንደር መጮህ እችላለሁ፣ የሚሰማኝ ግን የለም። ጆሯቸውን የዘጋሽው አንቺ ነሽ፣ የምትከፍቺውም አንቺው ነሽ።

ይቅር በለኝ ብለሽኝ ነበር። ከፍቶኛል። ሌሊት ተነስቼ ባዶ አልጋ አያለሁ፣ ከዚያ አንቺን እረግማለሁ፣ ከዚያ የምረግማት እህቴ መሆኗ ትዝ ይለኝና ራሴን እረግማለሁ። ይህ እንዲያልፍልኝ ጊዜ ስጪኝ፣ ላያልፍም ይችላል። ለእኔ ብለሽ እንድትመጪ አልጠይቅሽም።

ከመጣሽ ግን በቀን ነይ፣ ሰው ደጅ ደጁ ላይ ባለበት ሰዓት። መጀመሪያ ሆስፒታል ግቢ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ፣ ከዚያ መምህርቷ ዘንድ። ኪኒኑን ከእያንዳንዳቸው በእጅሽ ተቀበይ። ሁሉም በተሰበሰበበት ደግሞ ጮክ ብለሽ፣ የስብሰባ ቋንቋ ሳታበዢ «ወንድሜ እናታችንን አልመታትም፣ ሲያነሳት ነበር። የጣላት እኔ የላክሁት መድኃኒት ነው» በይ። እንዲህ ብለሽ ተናገሪ፣ ሌላ አትጨምሪበት።

እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እሆናለሁ። ከመጣሽ እሰማለሁ።

ወንድምሽ